በሽማግሌ ፋንታ የመጣው ዳቦ

ለልጅ ልጄ ለሉሊት፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ፣ እግርሽስ፣ ያ በየክረምቱ የሚያፍንሽ ጉንፋንስ? ፀሐይ እንደ ሩቅ ዘመድ በዓመት አንዴ ብቅ በምትልበት በዚያ አየርላንድ በሚሉት አገር ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? ሥራሽስ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊቶች ዛሬም ስምሽን እያጣመሙ ይጠሩሻል? በማታ ካልሲ ደርበሽ ትተኛለሽ? ይህን የመጨረሻውን ጠይቅልኝ ያለችኝ እናትሽ ናት፤ እኔ ስለ ካልሲ አልጠይቅም።

እኔ አያትሽ አድማሴ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይለማመጠኛል እንጂ ምላሴ እንደ ድሮው ነው። አራት ጥርስ ቀርቶኛል፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ ግን ተኳርፈው ፊት ለፊት አይገናኙም። ጆሮዬ ሲጠሩኝ አይሰማም፣ ሲያሙኝ ይሰማል። ላሚቱ ወልዳለች። እናትሽ የትምወርቅም ደህና ናት፤ እስካለፈው እሑድ ድረስ ግን ከእሷ ይልቅ ላሚቱ ትጫወት ነበር። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ምነው በስልክ ቢነግሩኝ እንዳትዪ። ኔትወርኩ ሲነቃ እኔ እተኛለሁ፣ እኔ ስነቃ እሱ ይተኛል። ደግሞ በስልክ ወሬ ስጀምርልሽ ገና ሳልጨርስ ትስቂያለሽ፤ ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ያዳምጠኛል። ያ ዕቃሽን ያመጣው የወረኢሉ ሰው መንገዱ እንደተከፈተ ወደ አንቺ አገር ይመለሳል ስላሉኝ በእሱ እጅ ሰድጄልሻለሁ። አንብቢና ብቻሽን ሳቂ፤ ብቻሽንም አልቅሺ፤ ለዚያ ልጅ ግን መልሱን ብቻ ንገሪው።

የላክሽው ካርቶን በጥምቀት ማግስት ደረሰ። ከውስጡ ያለውን ወረቀትሽንም መነጽሬን እየጠረግሁ ደጋግሜ አየሁት። ነገሩን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ልድገምልሽ። ያ ኮነር የምትዪው አውቶቡስ ነጂ ሊያገባሽ ይፈልጋል። አንቺም ትፈልጊያለሽ። ግን እዚህ ድረስ የሚልካቸው ሽማግሌዎች የሉትም፤ አባቱ ሞቷል፣ አጎቶቹ አውሮፕላን ይፈራሉ። ስለዚህ እናቱ በቤታቸው የሚጋገረውን ዳቦ አሠራሩን ነገረችሽ፣ ፍሬውንም ራሷ ገዝታ ሰጠችሽ፤ «ሽማግሌ መላክ ባልችል ዳቦዬን ልላክ፤ ቀምሰው ይፍረዱ» አለች። አንቺ ደግሞ ከሥር በትልልቁ «እናቴ ካልመረቀችኝ አላገባውም» ብለሽ ጻፍሽ። ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ዓይነት ሽማግሌ ተቀብያለሁ። ሰክሮ የመጣ አይቻለሁ፤ ቤት ተሳስቶ የጎረቤቴን ልጅ የጠየቀ አይቻለሁ፤ ተናግሮ ሳይጨርስ ያንኮራፋም አይቻለሁ። በላስቲክ ታሽጎ የመጣ ሽማግሌ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የእናትሽን ነገር ታውቂዋለሽ። ከመስቀል ጀምሮ፣ ይህን ወሬ ከነገርሻት ቀን አንሥቶ፣ ስትደውዪ «ብርዱ እንዴት ነው?» ትልና ስልኩን ለእኔ ታቀብላለች። እኔ ካንቺ ጋር ሳወራ እሷ ከበሩ ኋላ ቆማ እንደምታዳምጥ ግን አታውቂም። የልጁን ስም በአፏ አታነሣም። «ያ ነገር» ነው የምትለው። ስለ ሰው ታውራ ስለ ቁርጥማት የሚለይ የለም። ካርቶኑ ሲመጣም «ያ ነገር የላከው ነው» አለችና በእግሯ ከመደቡ ሥር ገፋችው።

እኔ ግን ወግ አዋቂ ሰው ነኝ፤ የመጣ ሽማግሌ እንቢ ይባላል እንጂ ከመደብ ሥር አይገፋም። ስለዚህ ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁና የዳቦውን አሠራር እንደ ክስ ቻርጅ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መጀመሪያ ስሙ። ባርምብራክ። ይህን ስም ለመጥራት ሙሉ ጥርስ ይጠይቃል፤ በእኔ አፍ ግማሹ ምራቅ ሆኖ የእናትሽ ነጠላ ላይ አረፈ። ቀጥሎ፣ ዘቢቡና የደረቀው ፍሬ ሻይ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይደር ይላል። ሻይ! እኛ የምንጠጣውን እነሱ ይዘፈዝፉበታል። ዳቦው ሻይ ጠጥቶ ያድራል፣ ይጋገራል፣ ከተጋገረ በኋላ ደግሞ ከሻይ ጋር ይበላል። ሰካራም እንኳ ጠላውን ጠጥቶ ሲያበቃ ጋኑ ውስጥ ገብቶ አይተኛም። ቅቤ ይግባበት ይላል፤ እሺ ይግባ። ሲቆረስ ደግሞ በላዩ ቅቤ ይቀባ ይላል። ዳቦ ነው ወይስ ሙሽራ? እርሾ የለውም፤ አብሮ በመጣው፣ ቤኪንግ ፓውደር በሚሉት ነጭ ዱቄት ተነፍቶ በችኮላ ያብጣል። በችኮላ የሚያብጥ ነገር ምን እንደሆነ እኔ አልነግርሽም፤ ሐኪም ጠይቂ።

አብሮት የመጣውን ቆርቆሮ ሳየው ደግሞ የባሰ ሳቄ መጣ። ዳቦ ክብ የሆነው ሰው ከብቦት ስለሚበላ ነው። የእነሱ መጋገሪያ ቁርጥ የብሎኬት ማውጫ ነው። እነዚህ ሰዎች ከዚያ ውስጥ ያወጡትን ይበሉታል ወይስ አጥር ይሠሩበታል?

ይህም ሳያንስ ድሮ በመኸር ማለቂያ ሲጋግሩት ውስጡ ቀለበት፣ ቁራጭ ጨርቅና ስንጥር ይከቱ ነበር ብለሽ ጽፈሽልኛል። ቀለበት የደረሰው ያገባል፣ ጨርቅ የደረሰው ይደኸያል፣ ስንጥር የደረሰው ትዳሩ ጭቅጭቅ ይሆናል። እኛ አገር ዳቦ ውስጥ ጨርቅ ከተገኘ ጋጋሪዋ ትታማለች እንጂ በሊታው አይደኸይም። ስንጥሩንማ ተዪው። እኔ አያትሽን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ያገባኋት ስንጥር ሳልበላ ነው፤ ጭቅጭቁ በራሱ መንገድ መጣ። ቀለበት እንዳይገባ ግን እኔው ከለከልኩ። ከአራቱ ጥርሶቼ አንዱ ቢሄድ አውቶቡስ ነጂው ሊተካልኝ ነው?

አንብቤ ስጨርስ እናትሽ ተነሣች፣ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደች፣ ፍሬውን ሰፌድ ላይ ዘርግፋ ዘቢብ ዘቢቡን ትለቅም ጀመር። አንድ በአንድ፣ እንደ ዘር። እኔ በልቤ «ተሸነፈች፤ ለዳቦው እያዘጋጀች ነው» ብዬ ደስ አለኝና ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዘቢቡ የለም። የት አደረስሽው ብላት «ማርያም ወሰድኩት» አለችኝ፤ እሷስ የት ልትወስደው ኖሯል!

ሉሊት፣ ለመሆኑ ምን ያህል ብትረሺን ነው ዘቢብ ወደ የትምወርቅ ቤት የላክሽው? በዚህ አገር ዘቢብ የሚገባው በአንድ በር ብቻ ነው። ጧፍ በሚገባበት እሱም ይገባል፤ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ የቅዳሴ ወይን ይሆናል። እናትሽ ከተወለደች ጀምሮ ዘቢብ ለስለት ሲሰጥ እንጂ ሲበላ አይታ አታውቅም። ያንን ነው አንቺ ሻይ አፍስሺበት ያልሻት! «የቁርባኑን ነገር በሻይ?» ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች። አንቺን እዚያ ምን እንዳደረጉሽ ልትጠይቀኝ ጀመረችና ሰፌዱን ማራገፍ ያዘች።

ለዳቦው የተረፈው ምን መሰለሽ? ቀይ ጨሌ የሚመስል ፍሬና በስኳር የታሸ የብርቱካን ልጣጭ። ልጣጭ! ብርቱካኑን ማን በላው? እነሱ በሉትና ልጣጩን በአውሮፕላን ሰደዱልን። የጎረቤታችን የብዙዬ ፍየል በየቀኑ የምታገኘውን ነገር ጉምሩክ ፈትሾ፣ ማኅተም መትቶ አሳለፈው። ይህን ለፍየሏ ብነግራት ትኮራብናለች።

በዚህ ሳቄን ይዤ ወደ መምሬ ይሄነው ቤት ሄድኩ። መምሬን ታስታውሺያቸዋለሽ፤ ያጠመቁሽ እሳቸው ናቸው፣ ውኃው ቀዝቅዞሽ ፂማቸውን የነጨሽባቸው። ዘቢቡን ይመልሱልኝ ልላቸው አይደለም፤ ላላግጥ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም። እንዲህ አሉኝ፤ «የትምወርቅ ስታስረክበኝ እንደ ወጉ በማን ስም ነው አልኳት። በወለተ ሥላሴ አለችኝ፤ የልጇ የክርስትና ስም ነውና ገባኝ። ትሄዳለች ብል በሩን ይዛ ቆመች። ሌላ ሰው አለ? አልኳት። መሬት መሬት እያየች ኮነር አለችኝ። ይህ የክርስትና ስም ነው ወይስ የመድኃኒት? አልኳት። እኔ ምን አውቄ፣ ዘቢቡን የገዛችው እናቱ ናት፤ የሰው ገንዘብ በልጄ ስም ብቻ ማስገባት ግፍ ነው ብዬ ነው አለችና ሄደች።»

መቼም መምሬ ለእኔ መልስ አያጡምና፣ ታዲያ ስሙን አነሡት ወይ አልኳቸው። «በመቅደስ አላነሣውም፤ ወጉ አይፈቅድልኝም። በቤቴ ስጸልይ ግን ማን ይቆጣጠረኛል? ብቻ ስሙ ምላሴን እያደናቀፈ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አበላሸብኝ» አሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እናትሽ በረት ትጠርግ ነበር። የሰማሁትን አልነገርኳትም፤ እሷም የት ዋልክ አላለችኝ። አንቺም እንዳታነሺባት፤ እኔ እንደነገርኩሽ ካወቀች ከዘራዬን ትደብቅብኛለች።

ዳቦው ግን ፍሬ ይፈልጋል፤ በልጣጭ ብቻ የቆመ ሽማግሌ ቤቴ አይገባም። ስለዚህ ወደ ያሲን ሱቅ ወጣሁ። ያሲን ያ በልጅነትሽ ከረሜላ እየሰጠሽ እናትሽን የሚያስቆጣት ያሲን ነው፤ አሁን ፂሙ ሸብቷል፣ ከረሜላው ግን እዚያው ማሰሮ ውስጥ ነው፣ ያው ራሱ ከረሜላ ይመስለኛል። ረመዳን እየቀረበ ስለሆነ ቴምር በካርቶን በካርቶኑ ደርድሯል። «ጋሼ አድማሴ፣ ምነው በሰው ጾም ገቡ?» አለኝ። ነገሩን ከስሩ አጫወትኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀና ባለቤቱን ፈይዛን ጠርቶ እንደገና አስወራኝ። ቴምሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ታዲያ ሳቁን አቆመና «ጋሼ፣ ሽማግሌ የሌለው ሰው ያሳዝናል። ይህ ቴምር ከገባበት እኔም የልጁ ወገን ነኝ። ሲቆረስ ሳልጠራ ብቀር ወላሂ እንጣላለን» አለኝ። አብሽር፣ ትጠራለህ አልኩት። የጠራሁት ሊበላ መስሎኝ ነበር።

ቴምሩን ወስጄ ፊቷ ባስቀምጥላት፣ ቅዳሜ ማታ እናትሽ «የመጣ ነገር አይጣልም» ብላ ፍሬ ፍሬውን አውጥታ ከተፈችው። ሻዩን ስታፈስበት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር፤ እኔም ለማገዝ ያህል «ስኳሩ አልበዛም? ሻዩን ለቴምሩ ትቀጂለታለሽ ወይስ ራሱ ይቀዳል?» እያልኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተነሥ ከዚህ አለችኝ። ሲነጋ ፍሬው ሁሉ ጠጥቶ አብጦ፣ ሠርግ ላይ እንዳመሸ ሰው ፊቱ ቀልቷል።

ከዚያ ወዲያ ግን እናትሽ ወረቀትሽን መስማት አቆመች። ነጩን ዱቄት አሸተተችው፣ «ይህ ለልብስ ነው» አለችና መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው፤ የራሷን እርሾ አመጣች። ቆርቆሮውን አገላብጣ አየችው፤ ዛሬ ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበታል፣ ተመችቷቸዋል። ሊጡን በኮባ ጠቅልላ፣ እሳት ከላይ እሳት ከታች አድርጋ ጋገረችው። እንግዲህ የአየርላንዱ ሽማግሌ የመጣበትን ኮት አውልቆ የእኛን ልብስ ለበሰ ማለት ነው። ሽታውን ከጠየቅሽኝ አልነግርሽም። ብዙዬ እሳት ልጫር ብላ ሁለት ጊዜ መምጣቷን ብቻ ልንገርሽ፤ በቤቷ እሳት እየነደደ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መምሬ ይሄነው መጡ፤ ተቀመጡ። ያሲን ደግሞ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ግባ ብለው አልገባም። እናትሽን «እስቲ ዳቦውን አቀብዪኝ» አላት፣ በሁለት እጁ ተሸከመውና ወደ ግቢው ራቅ አለ፤ ከዚያ መጥቶ ደፉ ላይ ቆመ። ቁጭ በል አልኩት። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አለኝ። ያኔ ገባኝ። ይህ ባለሱቅ ለካ ለዚያ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ መጥቶብኛል! መምሬን ባያቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ እኔም ጋቢዬን ሳብ አደረግሁ። ወግ ከተጀመረ በቀልድ አይቆምም።

ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት? አልኩት። «ሦስት ነን፤ እኔ፣ ቴምሬና ይህ ልጣጭ» አለኝ። ጉዳያችሁን ተናገሩ አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ እውነተኛ ሽማግሌ፣ «ባሕር ማዶ ያለ ልጃችን ልጃችሁን ወዶ፣ ልጅ ልሁናችሁ፣ ዘመድ ሁኑኝ ብሎ ልኮናል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ደክሞናል፤ አታሳፍሩን» አለ። ዘሩን ቁጠር አልኩት። «አባቱ ስንዴ፣ አያቱ ቴምር፣ ቅድመ አያቱ ሻይ። ከዚያ በላይ ብቆጥር ከእርስዎ ጋር ይዛመድና ጋብቻው ይፈርሳል» አለኝ። መምሬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሥራውስ? አልኩት። ሹፌር ነው አለኝ። የትኛውን ዳገት ወጥቶ ነው ሹፌር የሆነው? አልኩት። ከአጅባር ወደ ደሴ በጭቃ የተጓዘ ሰው እንጂ በለስላሳ አስፋልት ላይ አሮጊት ያመላለሰ ሁሉ ሹፌር አይባልም። ያሲን «እሱን ራሱ ይመልስ» አለና ዳቦውን ወደ ፊት ገፋ አደረገው። እናትሽ ይህ ሁሉ ሲሆን ጓዳ በር ላይ ነበረች፤ ዕቃ የምታጥብ መስላ፣ ያው አንድ ኩባያ ደጋግማ ታጥብ ነበር።

እንግዲህ ቀምሰው ይፍረዱ ተብሏልና፣ መምሬ ባረኩ፣ ያሲን በበኩሉ ዳቦውን አስቀምጦ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ እኔ ቆረስኩ። ፍርዴ ይኸው፤ ለእናቱ ግን እንዳትተረጉሚላት። ይህ ዳቦ አይደለም። ኬክም አይደለም። ዳቦ እንዳይሆን ይጣፍጣል፣ ኬክ እንዳይሆን ይከብዳል፤ የት እንደሚቀመጥ ያልተነገረው የሠርግ እንግዳ ይመስላል። ቴምሩ ጥሩ ነው፤ እሱ የያሲን ነው። እርሾው ጥሩ ነው፤ እሱ የእናትሽ ነው። ኮባው ጥሩ ነው፤ እሱ ከጓሯችን ነው። የእነሱ ድርሻ ልጣጩ ነው፤ እሱ ጥርሴና ድዴ መሃል ገብቶ እስከ ማክሰኞ አልወጣም አለ። ሦስት ጊዜ ደግሜ የቆረስኩት በደንብ ለማጣራት ነው፤ ያሲን ሌላ ነገር ቢነግርሽ እንዳታምኚው።

ከዚያ መልስ የመስጠቱ ሰዓት መጣ። ወጉን ረስተሽው ይሆናልና ላስታውስሽ፤ ለዚያም ልጅ ቁጭ አድርገሽ አስረጂው። የመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሽማግሌ እሺ አይባልም። በመጀመሪያው ቀን ውሰዱ የተባለች ልጅ ቤቷን ያስቸገረች ትመስላለች። እኔ አያትሽን ስጠይቅ ሽማግሌዎቼ ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል፤ በሦስተኛው ጊዜ የአንዱ ጫማ አልቆ ነበር። ሽማግሌ የሚያየው እንቢታውን ሳይሆን ቀጠሮውን ነው። ቅርብ ቀን ከተቀጠረለት እየሳቀ ይሄዳል። ሩቅ ከተቀጠረለት ግን በሩ ተዘግቷል፤ ተመልሶም አይመጣም።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ልጃችን ገና ናት፤ ዘመድም መማከር አለበት። ለሚመጣው መስቀል ተመለሱ» አልኩ። አዎ፣ ሩቁን ቀጠሮ ሰጠሁ። ልጄ፣ ልሸሽግሽ አልችልም፤ ስናገረው እኔው ራሴ ደነገጥኩ። እስከዚያ እኔ ራሴ መኖሬን ማን አወቀ? ግን የምትመርቅሽ እናትሽ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም፤ የእሷን አፍ የሚከፍት ሌላ ቁልፍ አላገኘሁም። ያሲን የያዘውን ቁራሽ ሳያኝክ ቀረ። እውነቱን ነው የደነገጠው፤ «ጋሼ፣ እንዲህ አልተባባልንም» የሚል ፊት ነበረው። መምሬ አቀረቀሩ። ኩባያ ማጠቡም ቆመ።

«መስቀል ሩቅ ነው» አለች እናትሽ።

ሰምቻታለሁ፤ ግን ጆሮዬን ታውቂው የለ፣ ምን አልሽ? አልኳት። እጇ እንደረጠበ ወጣችና መሃላችን ቆመች። «ሩቅ ነው አልኩ። ልጅቱ ብቻዋን በብርድ አገር ስንት መስቀል ታሳልፍ? ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን። ልጁም ራሱ ይምጣ፣ እናቱንም ይዞ ይምጣ። ዳቦ ልኮ እቤቱ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? ዓይኑን ሳላይ የምመርቀው ምኑን ነው?» አለች። ከዚያ ወደ ያሲን ዞራ «አንተም ተቀመጥ፤ ስትቆም ቤቱ ጠበበ» አለችው። ያሲን ተቀመጠ። መምሬ አሜን አሉ፤ ለምን እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም።

ስለዚህ መልሳችን እንቢ ነው። ለኮነርሽ ልክ እንደዚህ ብለሽ ንገሪው፤ ሽማግሌዎችህ እንቢ ተብለው ተመልሰዋል፣ ቀጠሮህ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ፊቱ ከጠቆረ ወጉን አላስረዳሽውም ማለት ነው፤ እንደገና አስረጂው። ሲመጣ ከደሴ ወዲህ በእኛ አውቶቡስ ይምጣ፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፣ ሹፌር ማለት ምን እንደሆነ ወገቡ ይማር። ልጣጭ አያምጣብን፤ ብርቱካኑን ያምጣ። አጎቶቹ ከፈሩ ይቅሩ፤ ሽማግሌ ተገኝቶለታል።

እናትሽ ከሰኞ ጀምሮ አላረፈችም፣ እኛንም አላሳረፈችንም። ግድግዳው ይለቀለቅ ትላለች። የት ይተኛል ትላለች። ቁመቱ ስንት ነው፣ በሩ ግንባሩን አይመታውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ይምታው፣ ጎንበስ ማለት ይልመድ አልኳት። ስልኩን በእጇ ይዛ ከጓሮው ጫፍ እስከ ብዙዬ አጥር እየተመላለሰች ኔትወርክ ትፈልጋለች። ይህ ወረቀት ሳይደርስሽ ከደወለችልሽ ምንም እንዳልሰማ ሁኚና «ብርዱ ደህና ነው» በያት፤ የቀረውን እሷ ትነግርሻለች።

እናትሽ የትምወርቅ ዓይንሽን ትስማለች፤ በርበሬ ፈጭታ አስቀምጣልሻለች። መምሬ ይሄነው በመስቀላቸው ይባርኩሻል፤ ፂማቸው መልሶ በቅሏል ብለዋል። ያሲንና ፈይዛ ከነልጆቻቸው ሰላም ይሉሻል፤ ያሲን ከእንግዲህ አማቴ እያልሽ እንድትጠሪው አዝዟል፤ እንዳትጠሪው፣ ይበቃዋል። ብዙዬም ሰላም ትላለች፤ አሠራሩን ላኪልኝ ብላሻለች፣ ከነልጣጩ። እዚያ ላሉት አሮጊቶችሽ ሁሉ፣ እድሜ ለእድሜ ነንና፣ ጤና ይስጥልኝ በያቸው። ለወይዘሮ እናቱ ደግሞ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሥቻለሁ፤ ባል የሌላት ሴት ለልጇ ሽማግሌ ብታጣ ያላትን ልካለች፤ ይህን አንዱን ተርጉሚላት።

ለልጁ ግን ሰላምታ የለኝም። ቀጠሮ የተሰጠው ሰው በወረቀት ሰላም አይባልም፤ መጥቶ ደፉ ላይ ሲቆም ነው።

አያትሽ አድማሴ
መካነ ሰላም
ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.